ከበቆሎ ቆሮቆንዳ የሚሠራ ፒፓ፦ ጥቅሙ፣ ጠባዩና ለገበሬው ያለው ትምህርት

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባል ማኅበራት ተወካዮችና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)

እንደሚታወቀው በቆሎ ተፈልፍሎ እህሉ ወደ ጎተራ ወይም ወደ ማኅበሩ መጋዘን ሲገባ ቆሮቆንዳው አውድማው ዳር ተከምሮ ይቀራል። ከፊሉ ምድጃ ውስጥ ይነድዳል፤ አንዳንዱ የቅልና የጠርሙስ ውታፍ ይሆናል፤ የተረፈው ዝናብ መትቶት ይበሰብሳል። ስለ በቆሎ ዋጋ፣ ስለ ዘሩና ስለ ማዳበሪያው በየጠቅላላ ጉባኤው ብዙ ይነገራል። ስለ ቆሮቆንዳ ግን አጀንዳ ተይዞ የተነጋገረ ጉባኤ ስለመኖሩ አልተሰማም።

በአሜሪካ፣ በሚዙሪ ክፍለ ሀገር፣ ዋሽንግተን የምትባል አንዲት አነስተኛ ከተማ አለች። ከርዕሰ ከተማው ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር ስም ብቻ የምትጋራ ስትሆን የምትገኘው በሚዙሪ ወንዝ ዳር፣ ከሴንት ሉዊስ ከተማ በስተምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ነው። ይህች ከተማ ከ150 ዓመታት በላይ ስሟ የተጠራውና ብዙ ቤተሰብ ያስተዳደረችው በበቆሎ ቆሮቆንዳ ነው። ከቆሮቆንዳው የሚሠራው ዕቃ ደግሞ የትምባሆ ማጨሻ ፒፓ ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ ማንንም ወደ ትምባሆ መጋበዝ አይደለም። ትምባሆ የሚያደርሰው ጉዳት ወደ ኋላ በግልጽ ይቀርባል። ዓላማው አንድ ተራ የእርሻ ተረፈ ምርት እንዴት የገበያ ዕቃ እንደሆነ፣ ዕቃው ምን ጥቅምና ምን ጉድለት እንዳለው፣ ከዚህም ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ምን ትምህርት እንደሚገኝ ማሳየት ነው። በንግግሩ ውስጥ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሥራው አጀማመር

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ሚዙሪ ከፈለሱት አውሮፓውያን መካከል ሄንሪ ቲቤ የሚባል የኔዘርላንድስ ተወላጅ ነበር። ሙያው እንጨትን በቶርኖ እያሽከረከሩ ቅርጽ ማውጣት ነው። በከተማዋ ሲተረክ እንደቆየው አንድ የአካባቢው ገበሬ ከቆሮቆንዳ በቢላዋ ፈልፍሎ ፒፓ ሠራ፤ አጭሶበት ስለወደደውም ቆሮቆንዳዎች ይዞ ወደ ቲቤ ሄደና በቶርኖ እንዲያስተካክልለት ጠየቀው። ቲቤ ሠርቶ ሰጠው፤ ጥቂት ጨምሮም በሱቁ ውስጥ ለሽያጭ አስቀመጠ። የተሠሩት ሁሉ ተሸጡ። ይህ የሆነው በ1869 ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሐሳቡን ያመጣው ገበሬ እንደሆነ ቢነገርም በፋብሪካው ላይ የተጻፈውና በመዝገብ የቀረው የባለሙያው ስም ነው። ገበሬው ቆሮቆንዳውንም ሐሳቡንም አቀረበ፤ መሣሪያው፣ ሙያውና ገበያው ግን በሌላ ሰው እጅ ነበሩ። ዛሬ በብዙ የእርሻ ምርቶች ላይ የሚታየው ሁኔታ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ቲቤ በዚያ አላበቃም። ቆሮቆንዳ በተፈጥሮው ቀዳዳና ጎርባጣ የበዛበት በመሆኑ ፊቱን በጀሶ መሙላትና ማለስለስ የሚቻልበትን ዘዴ አገኘ፤ በ1878 ለዘዴው የፈጠራ መብት ተሰጠው። ለፒፓው ያወጣለት ስምም የገበያ ብልህነት የታየበት ነው። በዚያን ዘመን ባለጸጎች የሚያጨሱት ሚርሻም ከሚባል፣ ከቱርክ ከሚመጣ ቀላልና ነጭ ማዕድን በተቀረጸ ውድ ፒፓ ነበር። ቃሉ በጀርመንኛ የባሕር አረፋ ማለት ነው። ሚርሻም ጢሱን ያቀዘቅዛል፣ እርጥበት ይመጥጣል ተብሎ ይመሰገን ነበር። ቆሮቆንዳውም ይህንኑ ጠባይ ስለሚያሳይ ቲቤ ፒፓውን “ሚዙሪ ሚርሻም” አለው። ድርጅቱም ከ1907 ጀምሮ ሚዙሪ ሚርሻም ኩባንያ ተብሎ ይጠራል፤ እስከ ዛሬም በዚያችው ከተማ በሥራ ላይ ነው። በ1925 በዚያ አውራጃ እስከ አሥራ ሁለት የሚደርሱ የቆሮቆንዳ ፒፓ ሠሪዎች ነበሩ። ከእነዚያ መካከል ዘመኑን ሁሉ ተሻግሮ የቀጠለው ይህ ድርጅት ነው።

ፒፓው እንዴት ይሠራል?

የቆሮቆንዳን አሠራር ለማየት አንዱን በመጋዝ አግድም መቁረጥ ይበቃል። መካከሉ ላይ እንደ ስፖንጅ የለሰለሰ ነጭ ልብ አለ። እሱን የከበበው እንደ እንጨት የጠነከረ ቀለበት ነው። በስተውጭ ያለው ደግሞ ፍሬው የተሰካበት ገለባማ ክፍል ነው። ፒፓ የሚሆነው የመካከሉ ጠንካራ ቀለበት ነው። ለስላሳው ልብ ተሰርስሮ ሲወጣ ትምባሆው የሚሞላበት ጎድጓዳ ይገኛል፤ የውጩ ገለባም በቶርኖ ተልጦ ይስተካከላል።

ከዚያ በፊት ግን ረጅም ትዕግሥት ያስፈልጋል። ቆሮቆንዳው ተፈልፍሎ እንደገባ ለሥራ አይውልም። ሁለት ዓመት ያህል በመጋዘን ተከማችቶ ይደርቃል፤ ይጠነክራልም። እርጥብ ሆኖ ከተሠራ ይጨማደዳል፣ ይሰነጠቃል፣ ይሻግታል። ከደረቀ በኋላ በውፍረቱ ተለይቶ ይቆረጣል፣ ይሰረሰራል፣ ይቀረጻል፤ ፊቱ ጀሶ ተቀብቶ ይለሰልሳል፣ ቨርኒሽም ይቀባል። በመጨረሻ በጎኑ ቀዳዳ ተበጅቶለት የእንጨት አንገት ይሰካበታል፤ በአንገቱ ጫፍ ላይም በጥርስ የሚያዘው የፕላስቲክ መሳቢያ ይገጠማል።

የፒፓው ጥቅም

የመጀመሪያው ጥቅሙ ርካሽነቱ ነው። ጥሩ የእንጨት ፒፓ የሚሠራው ብራያር ከሚባል ጠንካራ ጉጥ ሲሆን ዋጋው የቆሮቆንዳውን ብዙ እጥፍ ነው። ብራያር በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ በሚበቅል ዛፍ መሰል ቁጥቋጦ ሥር ላይ የሚገኝ እብጠት ነው። ይህ ቁጥቋጦ ለኢትዮጵያ ደጋ ሰው እንግዳ አይደለም፤ በሰሜንና በባሌ ተራሮች የሚበቅለው አስታ ነው። ይሁን እንጂ ብራያርን ለማግኘት ብዙ ዓመት የቆየ ተክል ከነሥሩ መቆፈር ግድ ይላል። ቆሮቆንዳ ግን ምንም ዛፍ አይጠይቅም፤ በየዓመቱ ከእህሉ ጋር አብሮ ይመጣል። የደጋ አፈርንና ውሃን የያዘ አስታን ከሥሩ ነቅሎ ዕቃ ከመሥራት ይልቅ የተፈለፈለ በቆሎን ተረፍ መጠቀም የሚሻል መሆኑ አያከራክርም።

ሁለተኛ፣ ፒፓው ቀላል ነው። በእጅም ሆነ በጥርስ ሲያዝ አይከብድም፤ ቢወድቅም እንደ ሸክላ አይሰበርም።

ሦስተኛ፣ ለማጅ አያስፈልገውም። አዲስ የብራያር ፒፓ ውስጡ በከሰል ሽፋን እስኪለበስ ድረስ በጥንቃቄ፣ ጥቂት በጥቂት እየተጨሰ መለመድ አለበት። የቆሮቆንዳው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያገለግላል።

አራተኛ፣ ቆሮቆንዳ እርጥበት መጣጭ ነው። ትምባሆ ሲነድ የሚወጣውን እርጥበት ግድግዳው ስለሚይዘው ጢሱ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ይሆናል። የቀደመውን ትምባሆ ሽታም እንደ ብራያር አጥብቆ ስለማይዝ ልዩ ልዩ የትምባሆ ዓይነት ለመሞከር ይመረጣል።

በእነዚህ ምክንያቶች ፒፓው የገበሬና የሠራተኛ ዕቃ ሆኖ ቆየ፤ ታዋቂ ሰዎችም ያዙት። የሚዙሪ ተወላጁ ደራሲ ማርክ ትዌይን ከተጠቃሚዎቹ አንዱ ነበር። ጄኔራል ዳግላስ ማክአርተርም ነሐሴ 30 ቀን 1945 ጃፓን አቱጊ አየር ማረፊያ ሲደርሱ ትልቅ የቆሮቆንዳ ፒፓ በአፋቸው ይዘው ከአውሮፕላን ሲወርዱ የተነሡት ፎቶግራፍ በዓለም ታይቷል። ከዚያ በላይ ማስታወቂያ በገንዘብ አይገኝም።

የፒፓው ጠባይ

ጥቅሙ እንዳለ ሆኖ ፒፓው የራሱ ጠባይ አለው፤ ጠባዩን የማያውቅ ሰው ቶሎ ይጣላዋል።

የመጀመሪያው ዕድሜው ነው። ቆሮቆንዳ ያው የእህል ተረፍ ነውና ውሎ አድሮ ይነድዳል። ቶሎ ቶሎ የሚስብ ሰው ግድግዳውን ወይም ታቹን በጥቂት ጊዜ ያቃጥለዋል። ረጋ ብሎ የሚስብ፣ ከተጠቀመ በኋላም አሳርፎ የሚያደርቅ ሰው ግን ለዓመታት ይገለገልበታል። ልጅ የሚወርሰው ዕቃ ግን አይደለም።

ሁለተኛ፣ በብዙዎቹ ፒፓዎች ላይ የእንጨቱ አንገት በግድግዳው አልፎ ወደ ጎድጓዳው ውስጥ ጥቂት ይገባል። ፒፓው አዲስ ሳለ እሳቱ ታች ሲደርስ ይህ የእንጨት ጫፍ ይለበለብና መጥፎ ጣዕም ያመጣል። ከሰል እስኪለብስ ድረስ ትምባሆውን እስከ ታች አለማጨስ የተለመደ መፍትሔ ነው።

ሦስተኛ፣ ውሃ ጠላቱ ነው። ውስጡ በውሃ ከታጠበ ቆሮቆንዳው ያብጣል፣ ይላላል። የሚጸዳው በደረቅ መጥረጊያ ነው። ውስጡን በስለታም ቢላዋ የሚፍቅ ሰውም ከከሰሉ ጋር ግድግዳውን ይቦረቡረዋል። ገና ትኩስ ሳለ መሳቢያውን ነቅሎ ለማውጣት መሞከርም አንገቱን ያላላዋል።

አራተኛው ጠባይ የሚታየው ሰው ዘንድ ነው። ርካሽ በመሆኑ ብዙዎች ይንቁታል፤ የገጠሬ ዕቃ ነው እየተባለም ይቀለድበታል። በአሜሪካ የካርቱን ሥዕሎች ውስጥ የባላገር ሰው ምልክት ሆኖ ኖሯል። ይሁንና ዕቃው የሚሠራውን ሥራ በሚገባ ስለሠራ ንቀቱ ገበያውን አልዘጋበትም።

ዘሩ ሲለወጥ የመጣ ችግር

ከዚህ ታሪክ ሁሉ ለበቆሎ አምራች ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ክፍል ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በአሜሪካ ድቅል የበቆሎ ዘር ተስፋፋ። የዘር አዳቃዮች ዓላማ ብዙ ፍሬ፣ ቀጭን ቆሮቆንዳና ለማሽን የሚመች አገዳ ማግኘት ነበር። ለእህል ገበያ ይህ ትልቅ ዕድገት ነው። ለፒፓ ሠሪዎች ግን መከራ ሆነ። ቆሮቆንዳው ቀጠነ፣ ጠንካራው ቀለበትም ሳሳ፤ ፒፓ የሚወጣበት አልሆነም። በዚህ ላይ ኮምባይነሩ እዚያው ማሳ ላይ እየፈለፈለ ቆሮቆንዳውን ሰባብሮ መሬት ላይ ይጥለዋል።

መፍትሔው የተገኘው ከምርምር ነው። በ1946 የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ወፍራምና ጠንካራ ቆሮቆንዳ ያለው ልዩ ድቅል ዘር አወጣ። ኩባንያው በዚህ ዘር በቆሎ ማስዘራቱን ቀጠለ፤ በቆሎውም ከነራሱ የሚለቅሙና ቆሮቆንዳውን ሳይሰብሩ የሚፈለፍሉ የቆዩ ማሽኖችን ይዞ ዘለቀ። ሌላው ገበሬ ስለ ፍሬው ሲጨነቅ እነሱ ስለ ቆሮቆንዳው ይጨነቃሉ ማለት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ተመራማሪ የሚያሻሽለው የተጠየቀውን ነው። ፍሬ ብቻ ከተጠየቀ ፍሬ ብቻ ያሻሽላል። የኢትዮጵያ ገበሬ ደግሞ የበቆሎን ተክል ሁሉ ይጠቀማል፤ አገዳው ለከብት መኖ፣ ለአጥርና ለማገዶ፣ ቆሮቆንዳው ለምድጃ ይውላል። ከባኮ የምርምር ማዕከል የወጣው ቢኤች-660 ቁመቱ ረጅም በመሆኑ ከእህሉ ሌላ ብዙ አገዳ ይሰጣል። አጭርና ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ሲመጣ እህሉ ቢበዛም መኖው ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ አዲስ ዝርያ በሠርቶ ማሳያ ማሳ ላይ ሲቀርብ የማኅበራት ተወካዮች ከኩንታሉ ጋር አገዳውንና ቆሮቆንዳውንም መጠየቅ ይገባቸዋል። ጥያቄውን አንድ ገበሬ ብቻውን ካነሣው ላይሰማ ይችላል፤ ዩኒየን ሲያነሣው ግን መልስ ያገኛል።

በፒፓው ውስጥ የሚነድደው

እስከዚህ የተነገረው ስለ ዕቃው ነው። በዕቃው ውስጥ ስለሚነድደው ትምባሆም እውነቱ መነገር አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ትምባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ይገድላል። ከእነዚህም መካከል ራሳቸው ሳያጨሱ በሌላው ሰው ጢስ የሚሞቱ አሉ። ፒፓ ከሲጋራ ይሻላል የሚለው አነጋገርም ማታለያ ነው። የፒፓ ጢስ የከንፈር፣ የአፍ፣ የጉሮሮና የሳንባ ካንሰር ያመጣል። ቆሮቆንዳው ጢሱን ቢያቀዘቅዘውም መርዙን አያስቀርም። በቅል ውሃ ውስጥ በሚያልፈው ጋያም ሆነ በሺሻ ነገሩ ያው ነው፤ ጢሱ በውሃ ስላለፈ አይነጻም። ትምባሆ አምራቹም ከጉዳቱ አያመልጥም፤ እርጥብ ቅጠል የሚለቅም ሰው ኒኮቲኑ በቆዳው እየገባ ያቅለሸልሸዋል፣ ያስታውከዋልም።

ኢትዮጵያ የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነቱን በአዋጅ ቁጥር 822/2006 (ዓመቱ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) አጽድቃለች። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ በሥራ ቦታዎችና ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ቤቶች ውስጥ ማጨስ፣ ትምባሆን ማስተዋወቅ፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥ ተከልክሏል። የማኅበራት መጋዘኖች፣ ቢሮዎችና የስብሰባ አዳራሾች ሁሉ የሥራ ቦታዎች ናቸውና ሕጉ በእነሱም ላይ ይሠራል። ደረቅ እህልና ጆንያ በተከመረበት መጋዘን ማጨስ ደግሞ ከጤናው ሌላ የአባላትን የዓመት ድካም በአንድ ክብሪት ማጥፋት ነው።

በገበያ ረገድም ትምህርት አለ። በኬንታኪና በአጎራባች ክፍላተ ሀገር የበርሊ ትምባሆ አምራቾች ዋጋ ወድቆባቸው በ1921 ታላቅ የጋራ ግብይት ማኅበር አቋቋሙ። ኅብረቱ ለአምራቹ የመደራደር አቅም ሰጠው። ነገር ግን የአጫሹ ቁጥር እየቀነሰ ሄደ፤ በ2004 በወጣ ሕግም መንግሥት የትምባሆ ኮታንና የዋጋ ድጋፍን አስቀረ፤ ብዙ ገበሬዎች ትምባሆን ተዉ። በአንድ ምርት ላይ ብቻ የቆመ ማኅበር ምርቱ ሲደክም አብሮ ይደክማል። ሰውን የሚጎዳ ምርት ከሆነ ደግሞ መድከሙ የጊዜ ጉዳይ ነው።

ለዩኒየኑና ለአባላቱ

ታዲያ ቆሮቆንዳ ለፒፓ ካልሆነ ለምን ይሆናል? በመጀመሪያ መጠኑን ማወቅ ይጠቅማል። በአሜሪካ የቆየ የንግድ ልኬት መሠረት 70 ፓውንድ ያልተፈለፈለ በቆሎ 56 ፓውንድ ፍሬ ይሰጣል፤ ቀሪው 14 ፓውንድ ቆሮቆንዳ ነው። በኩንታል ሲታሰብ 80 ኪሎ ፍሬ ያገኘ ገበሬ 20 ኪሎ ያህል ቆሮቆንዳ አለው ማለት ነው። እንደ ዝርያውና እንደ ድርቀቱ መጠኑ ከፍና ዝቅ ቢልም፣ 40 ኩንታል በቆሎ የፈለፈለ አባል ወደ 10 ኩንታል የሚጠጋ ቆሮቆንዳ አውድማው ላይ ይዟል።

ይህ ቆሮቆንዳ በዓለም ላይ ልዩ ልዩ አገልግሎት ይሰጣል። ተከስሎና ተፈጭቶ በመጠፍጠፍ የጡብ ከሰል ይሆናል። ለእንጉዳይ ማብቀያ ያገለግላል። ጠንካራው ቀለበት ተፈጭቶ ብረትን ለማጽዳትና ለማወልወል ይውላል። በ1920ዎቹ በአሜሪካ አንድ የአጃ ፋብሪካ ከአጃ ገለባ ፉርፉራል የሚባል ኬሚካል ማውጣት ጀመረ፤ በኋላም ቆሮቆንዳ ለዚሁ ኬሚካል ዋና ጥሬ ዕቃ ሆነ። ፉርፉራል የሞተር ዘይት ለማጣራትና ሙጫ ለመሥራት ያገለግላል። ቆሮቆንዳ ከነፍሬው ተፈጭቶ ለከብት ይሰጣል፤ ብቻውን ግን ፕሮቲኑ ዝቅተኛ በመሆኑ ተጨማሪ መኖ ይፈልጋል።

ይሁን እንጂ ማሽን ለመግዛት ከመሮጥ በፊት ሥራ አመራር ቦርዱና ጠቅላላ ጉባኤው ሊመልሷቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ።

አንደኛ፣ ገዢው ማን ነው? ቲቤ ፋብሪካ ያቆመው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ፒፓዎች ተሸጠው ካየ በኋላ ነው። በትንሹ ሞክሮ፣ ሸጦ፣ ከዚያ ማስፋት ከኪሳራ ይጠብቃል።

ሁለተኛ፣ ማድረቂያና ማከማቻ አለ ወይ? እርጥብ ቆሮቆንዳ ይሻግታል፤ ሻጋታ ያለበት ቆሮቆንዳ ለከብትም ሆነ ለእንጉዳይ አይሆንም። በቆሎውም ቢሆን እርጥበቱ ወደ 13 ከመቶ ሳይወርድ ከተከማቸ አፍላቶክሲን ያመጣል። እህሉን በወጉ ማድረቅ ያልቻለ ማኅበር ስለ ቆሮቆንዳ ለማሰብ ጊዜው ገና ነው።

ሦስተኛውና ዋነኛው ጥያቄ ቆሮቆንዳው ዛሬ ለማን እያገለገለ ነው የሚለው ነው። በወንዶች ዓይን የተጣለ የሚመስለው ቆሮቆንዳ በብዙ ቤት የእናቶች ማገዶ ነው። ማኅበሩ በኩንታል ሰብስቦ ቢሸጠው ገንዘቡ በማኅበሩ ሒሳብ ይገባል፤ እናትየዋ ግን ማገዶ ፍለጋ ሁለት ሰዓት ርቃ ትሄዳለች። የዚያን ጊዜ ትርፍ የተባለው ነገር ከአንዱ ጀርባ ወርዶ በሌላው ጀርባ ላይ የተጫነ ሸክም ይሆናል። ስለሆነም ውሳኔው ሴት አባላትና የአባላት ባለቤቶች በተገኙበት መወሰን አለበት። ከሽያጩ በፊት ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ማከፋፈል፣ ወይም ከቆሮቆንዳው የሚሠራውን ከሰል በቅድሚያ ለአባላት ቤት ማቅረብ የተሻለ መንገድ ሊሆን ይችላል።

ክቡራትና ክቡራን፣

አንድ ገበሬ በሚዙሪ ወንዝ ዳር ቆሮቆንዳ ይዞ ወደ ቶርኖ ቤት ሄደ፤ ከዚያ በኋላ የሆነው የሌላ ሰው ታሪክ ሆነ። ቶርኖውም፣ መጋዘኑም፣ ገበያውም የገበሬዎቹ የጋራ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ኅብረት ሥራ ማኅበር የተቋቋመው ለዚሁ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ አንድ ገበሬ ብቻውን የማይገዛውን ማሽን፣ የማያገኘውን ገበያ፣ የማያስለውጠውን ዘር ብዙዎች ተባብረው ያገኙታል።

በመጪው የመኸር ወቅት በቆሎው ተፈልፍሎ ሲያልቅ አባላት አውድማው ዳር የቀረውን ክምር በሌላ ዓይን እንዲመለከቱት፣ የሥራ ኃላፊዎችም በዕቅዳቸው እንዲያስቡት፣ ጠቅላላ ጉባኤውም እናቶችን ይዞ እንዲመክርበት በአክብሮት ተጠይቋል።

መልካም የምሥረታ በዓል!